ከታማሚው ቃል እስከ ሆስፒታሉ በር፦ በምዕራብ ጎጃም በድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት ላይ የነርስ ምዘናና የታማሚ ትምህርት

አኅጽሮተ ጥናት

ድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት ውጤቱ በሰዓታት የሚወሰን ሕመም ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ወረዳዎች ለሚኖር ሰው ግን የተዘጋን የልብ ደም ሥር በካቴተር የሚከፍት ሕክምና የሚገኘው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ስለዚህ ከሕመሙ መነሻ እስከ መጀመሪያው ሕክምና ያለውን ጊዜ በማሳጠር ረገድ ትልቁ ድርሻ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ባሉ ነርሶች እጅ ይገኛል። ጽሑፉ ሁለት ነጥቦችን ያስረዳል። አንደኛ፣ የነርስ ምዘና የአካባቢውን የሕመም አገላለጽና የሰዓት አቆጣጠር መነሻ ካላደረገ ሕመሙ በጨጓራ፣ በውጋት ወይም በምች ስም ተሸፍኖ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ምልክቶችን ከመዘርዘር ያላለፈ ትምህርት ብቻውን መዘግየትን እንደማያሳጥር በትልልቅ ሙከራዎች ታይቷል፤ ስለዚህ ትምህርቱ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚስማማበት የውሳኔ ዕቅድ ሊሆን ይገባል። ለዚህም ገጠሩ ቀድሞ የሚያውቀው የወሊድ ዝግጅት ዕቅድ በአርአያነት ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ የልብ ጡንቻ ጉዳት፣ የነርስ ምዘና፣ የታማሚ ትምህርት፣ መዘግየት፣ ምዕራብ ጎጃም

1. መግቢያ

የልብ ጡንቻ ደም የሚያገኘው ኮሮናሪ በሚባሉ ደም ሥሮች አማካይነት ነው። በእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት የተከማቸ ስብ ድንገት ሲሰነጠቅ በላዩ ላይ ደም ይረጋል፤ የረጋውም ደም መተላለፊያውን ይዘጋል። ከተዘጋው ሥፍራ በታች ያለው ጡንቻ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ጉዳቱም ከውስጠኛው የልብ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ውጭ እየሰፋ በሰዓታት ውስጥ ይጠቃለላል። የሕክምናው ሁሉ ዓላማ ከዚህ ቀድሞ ደም ሥሩን መክፈት ነው።

የሰዓትን ዋጋ ሁለት ዐበይት ሙከራዎች በቁጥር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ውጤቱ በታተመውና 11,806 ታማሚዎች በተሳተፉበት ጂሲ በተባለው የጣሊያን ሙከራ፣ የረጋ ደምን የሚያሟማው ስትሬፕቶኪናዝ ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በሆስፒታል የሚደርሰውን ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ግን ጥቅሙ እየሳሳ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመውና 17,187 ታማሚዎችን ያካተተው አይሲስ-2 ደግሞ ለአንድ ወር በየቀኑ የተሰጠ 160 ሚሊ ግራም ገደማ አስፕሪን በ5 ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ምክንያት የሚደርስን ሞት በ23 ከመቶ፣ ስትሬፕቶኪናዝ በ25 ከመቶ፣ ሁለቱ በአንድነት ሲሰጡ በ42 ከመቶ መቀነሳቸውን አረጋግጧል። ከሁለቱ አንዱ፣ አስፕሪን፣ በጥቂት ገንዘብ የሚገኝ ክኒን መሆኑ ለገጠር ጤና አገልግሎት ትልቅ ትርጉም አለው። ክኒኑ ጥቅም የሚሰጠው ግን ሕመሙን የጠረጠረ ሰው ሲኖር ነው።

ጥርጣሬው በቀላሉ አይመጣም። በአገራችን የልብ ሕክምና ክፍሎች ለረጅም ዘመን በብዛት የታዩት በጉሮሮ ቁስለት ምክንያት በሚመጣ የሩማቲክ ሕመም የልብ በሮቻቸው የተጎዱ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። በገጠርም የደረት ሕመም ሲነሣ ቀድመው የሚታሰቡት የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳና ጨጓራ ናቸው። ይሁን እንጂ ለልብ ደም ሥር መዘጋት የሚያጋልጡት ሁኔታዎች ተስፋፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የስቴፕስ ጥናት ከተመረመሩት ጎልማሶች 16 ከመቶ ያህሉ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። በ52 አገሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ኢንተርኸርት ጥናት እንዳመለከተው ደግሞ ከደም ግፊት፣ ከስኳር ሕመም፣ ከትምባሆና ከደም ስብ ጋር ጥቂት ሌሎች ሁኔታዎች ሲደመሩ፣ ዘጠኙ አጋላጭና ተከላካይ ሁኔታዎች ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነውን የልብ ጡንቻ ጉዳት ያብራራሉ። ደሃና ሀብታም አገር በዚህ ረገድ ብዙ አልተለያዩም።

2. የጽሑፉ ወሰን

ይህ ጽሑፍ የታተሙ የሕክምና ሙከራዎችንና መመሪያዎችን ከምዕራብ ጎጃም የጤና አደረጃጀት፣ የመንገድ ሁኔታና የአነጋገር ልማድ ጋር አገናዝቦ የሚያይ የዳሰሳ ጽሑፍ ነው። የሚያተኩረውም ነርሷ ታማሚውን ስትቀበል በምታደርገው ምዘናና በደም ግፊትና በስኳር ሕመም ክትትል ጊዜ በምትሰጠው ትምህርት ላይ ነው። ሁለቱ አብረው የቀረቡት በምዘና ጊዜ ከታማሚው አፍ የሚሰማው ቃል ለትምህርቱ ዋና ጥሬ ዕቃ ስለሆነ ነው።

3. ሥፍራውና ርቀቱ

የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ከባሕር ዳር 175 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ቡሬ በዚሁ መንገድ ከፍኖተ ሰላም አለፍ ብላ፣ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልበት ሥፍራ ትገኛለች። በግራና በቀኝ ያሉት የገጠር ወረዳዎች፣ ጃቢ ጠህናን፣ ቋሪት፣ ደጋ ዳሞት፣ ወምበርማና ቡሬ ዙሪያ፣ ታማሚዎቻቸውን ወደዚህ መንገድ ያወጣሉ።

በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። ልብን የሚመለከት ድንገተኛ ሕመም በዚህ መሰላል ላይ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ በእያንዳንዱ እርከን ጊዜ ይባክናል።

ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ደም ሥሩን በካቴተር መክፈት የሚመረጠው በ120 ደቂቃ ውስጥ ሊከናወን ሲችል መሆኑን ይደነግጋሉ። ይህ የማይቻል ከሆነና ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ የረጋ ደምን የሚያሟማ መድኃኒት በቅርቡ ባለው ተቋም ሊሰጥ ይገባል። የካቴተሩ ሕክምና በዋነኛነት የሚገኘው በአዲስ አበባ በመሆኑ፣ ከፍኖተ ሰላም ለሚነሣ ታማሚ የ120 ደቂቃው ወሰን ከጅምሩ ያለፈ ነው። በክረምት የሚበላሸው የገጠር መንገድ፣ ሌሊት ተሽከርካሪ አለመኖሩ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት መንገዶች በየጊዜው መዘጋታቸው ጉዞውን ይበልጥ አክብዶታል።

ነርሷ መንገዱን ልታሳጥር አትችልም። ከሆስፒታል በፊት የሚባክነው ጊዜ አብዛኛው ግን በጉዞ ላይ ሳይሆን ታማሚውና ቤተሰቡ «እንሂድ» እስኪሉ ድረስ በሚያልፈው ጊዜ መሆኑ በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ተደጋግሞ የተገለጸ ነው። ይህ ጊዜ የሚታጠረው በቃልና በትምህርት ነው።

4. ቃሉና ሕመሙ

የሕክምና መጻሕፍት የልብ ጡንቻ ጉዳትን ሕመም በደረት መካከል የሚሰማ፣ የሚጫን ወይም የሚጨመድድ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት ብለው ይገልጹታል። ታማሚው ግን መጽሐፉን አላነበበም። ይዞት የሚመጣው ቃል ከቤቱና ከመንደሩ የወረሰው ነው። በምዘና ጊዜ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው አገላለጾች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. «ጨጓራ»። ከደረት አጥንት በታች የሚሰማ ማንኛውም ማቃጠልና መቆርጠም በዚህ ስም ይጠራል። ምዕራብ ጎጃም በርበሬ አብቃይ እንደመሆኑ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በበርበሬ፣ በአረቄ ወይም በሽሮ ላይ ይላከካል። የልብ ታችኛው ግድግዳ ሲጎዳ ሕመሙ በላይኛው የሆድ ክፍል ሊሰማና ማቅለሽለሽና ማስታወክ ሊያስከትል ስለሚችል፣ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» የሚሉ የ60 ዓመት ሰው፣ በተለይ ካላባቸው፣ ኢሲጂ ሳይነሡ ሊሸኙ አይገባም። የጨጓራ ማስታገሻ ጠጥተው ቀለል ማለቱም የልብ ሕመም ላለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ለ. «ውጋት» እና «መጋኛ»። ውጋት ሲተነፍሱ የሚብስ፣ ጎንን የሚወጋ ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሳንባ ጋር ይያያዛል። መጋኛ ግን ድንገት የሚይዝን ውጋትና ድንዛዜ የሚገልጽ ሲሆን መንሥኤው ክፉ ነፋስ ነው ተብሎ ስለሚታመን ታማሚው ቀድሞ ወደ ባህል ሐኪም ሊወሰድ ይችላል። «መጋኛ መታኝ» የሚለው ቃል ድንገተኛነትን ስለሚያመለክት ነርሷ ልታልፈው የማይገባት ፍንጭ ነው።

ሐ. «ምች» እና «ብርድ»። ድካምን፣ ላብንና የሰውነት መዛልን የሚጠቀልሉ ስያሜዎች ናቸው። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች የልብ ጡንቻ ጉዳት ያለ ግልጽ የደረት ሕመም በትንፋሽ ማጠር፣ በብርቱ ድካም ወይም በላብ ብቻ ሊገለጥ ስለሚችል እነዚህ ቃላት እውነተኛውን ሕመም ሊሸፍኑ ይችላሉ። በቆላማው የወረዳዎቹ ክፍል ወባ የተለመደ በመሆኑ ላብና ድካም ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚላከው ወደ ደም ምርመራ ነው፤ ትኩሳት የሌለው ላብ ግን የተለየ ጥያቄ ይፈልጋል።

መ. «ልቤን»። ቃሉ ደረትን፣ የላይኛውን ሆድና ስሜትን ሁሉ ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ ታማሚው በቃል ከመግለጽ በተጨማሪ ሥፍራውን በእጁ እንዲያሳይ መጠየቅ አለበት። እጁን ጨብጦ በደረቱ መካከል ካሳረፈ ምልክቱ ከባድ ነው።

ሠ. «የልብ ድካም»። ይህ ስያሜ በመገናኛ ብዙኃንና በዕለታዊ ንግግር ለሁለት የተለያዩ ሕመሞች ይውላል፦ ደም ሥር ሲዘጋ ለሚደርሰው ድንገተኛ ጉዳትና ልብ ደምን በሚገባ መርጨት ሲያቅተው ለሚመጣው ሥር የሰደደ ሕመም። የሁለተኛው ታማሚ እግሩ አብጦ ለወራት ሲታከም የታየ ስለሆነ፣ «የልብ ድካም ነው» የተባለ ቤተሰብ የሚጣደፍበት ነገር አይታየውም። በትምህርት ጊዜ ድንገተኛውን ሕመም «የልብ ደም ሥር መዘጋት» ብሎ መጥራት መንሥኤውንም አጣዳፊነቱንም በአንድ ጊዜ ይናገራል። በከተማ «ሃርት አታክ» የሚሉትም ይኸው መሆኑን ማከል ይቻላል።

5. የነርስ ምዘና

5.1 የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች

ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ የሆኑና በደረት፣ በላይኛው ሆድ፣ በክንድ ወይም በመንጋጋ ሕመም የሚመጡ፣ እንዲሁም ያለ ሌላ ምክንያት ድንገት ትንፋሽ ያጠራቸው ወይም ራሳቸውን የሳቱ ታማሚዎች በልየታ ጊዜ ካርድ ለማውጣት ተራ ሊጠብቁ አይገባም። መመሪያዎች ኢሲጂ በመጀመሪያው የሕክምና ግንኙነት በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነሥቶ እንዲነበብ ያዛሉ። ነርሷ ታማሚውን ጋደም አድርጋ የአየር መንገዱን፣ አተነፋፈሱንና የደም ዝውውሩን ትገመግማለች፤ የደም ግፊቱን በሁለቱም ክንዶች ትለካለች፤ የልብ ምቱን፣ የኦክስጅን መጠኑንና የደም ስኳሩን ትመዘግባለች። በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚታይ ሰፊ የግፊት ልዩነት ጀርባ ድረስ ከሚሰነጥቅ ሕመም ጋር ከተገኘ የዋናው ደም ቧንቧ መሰንጠቅን ያስጠረጥራል፤ በዚህ ጊዜ ደምን የሚያቀጥኑና የረጋ ደምን የሚያሟሙ መድኃኒቶች ሊገድሉ ይችላሉ።

ጥያቄዎቹ አጫጭርና በአክብሮት የሚቀርቡ ሊሆኑ ይገባል፦

«የት ላይ ነው ያመመዎት? በእጅዎ ያሳዩኝ።»
«ሲጀምርዎት ምን እየሠሩ ነበር?»
«እንዴት ያለ ሕመም ነው? ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ወይስ ሰቅዞ ይይዛል፣ እንደ ድንጋይ ይጫናል?»
«ወደ ክንድዎ፣ ወደ አንገትዎ ወይም ወደ ጀርባዎ ይሄዳል?»
«ላብ አጥምቆዎት ነበር? ጭንቅ ብሎዎት ነበር?»
«ከዚህ በፊት ዳገት ሲወጡ ይይዝዎትና ሲያርፉ ይለቅዎት ነበር?»
«እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ምን ወሰዱ? መርፌ ተወግተዋል?»

የመጨረሻው ጥያቄ ልዩ ትኩረት ይሻል። ለሕመም ማስታገሻ ተብሎ በጡንቻ የሚሰጥ ዲክሎፌናክ በየቦታው የተለመደ ነው። ይህ የመድኃኒት ዘር በልብ ጡንቻ ጉዳት ጊዜ ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል አይሰጥም፤ ማንኛውም የጡንቻ መርፌም በኋላ የረጋ ደም ማሟሚያ ቢሰጥ ለመድማት ምክንያት ይሆናል።

5.2 «ስንት ሰዓት ላይ ጀመረዎት?»

የረጋ ደም ማሟሚያን መስጠት ወይም መተው የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ በአማርኛ ግን መልሱ ድርብ አደጋ አለው። የመጀመሪያው አቆጣጠሩ ነው። ለማሳያ ያህል አንድ የቋሪት ገበሬ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያዘኝ» ይላሉ እንበል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ከደረሱ ሕመሙ ከጀመረ 9 ሰዓት ሆኖታል፤ መድኃኒቱ የሚሰጥበት ጊዜ አላለፈም። የጤና ጣቢያው የቅብብሎሽ ወረቀት «8:00» ብቻ ብሎ ከጻፈ ግን ተቀባዩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው ብሎ 3 ሰዓት ሊቆጥር፣ ወይም ያለፈው ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት መስሎት 21 ሰዓት ቆጥሮ ሕክምናውን ሊከለክላቸው ይችላል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ሌሊት» ወይም «ቀን» የሚለው ቃል፣ ዕለቱና «እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ ይህን ያህል ሰዓት አልፏል» የሚል መግለጫ አብረው መጻፍ አለባቸው።

ሁለተኛው አደጋ ብዙ የገጠር ታማሚዎች ጊዜን በሰዓት አለመለካታቸው ነው። «ዶሮ ሳይጮህ ነው ወይስ ከጮኸ በኋላ?»፣ «ከቅዳሴ በፊት ነው?»፣ «ላም ስትታለብ አሞዎት ነበር?» የሚሉ ጥያቄዎች ቁርጥ ያለ ሰዓት ከመጠየቅ ይልቅ ትክክለኛ መልስ ያስገኛሉ። ሕመሙ መጥቶ የሄደና የተመለሰ ከሆነ ደግሞ የሚመዘገበው ሳያቋርጥ የቆየበት የመጨረሻው መነሻ ነው፤ የቀደሙትም ለየብቻ ይጻፋሉ።

5.3 በየእርከኑ የሚደረገውና የማይደረገው

በጤና ጣቢያ፦ ጥርጣሬው ካለና አለርጂ፣ ንቁ መድማት ወይም የዋና ደም ቧንቧ መሰንጠቅ ምልክት ከሌለ ከ150 እስከ 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን ታማሚው አኝኮ እንዲውጥ ይደረጋል። ባለ 81 ሚሊ ግራሙ ክኒን ብቻ ካለ አራቱ በአንድ ጊዜ ይታኘካሉ። «ጨጓራ አለብኝ» ማለት ብቻውን ይህን የመጀመሪያ መጠን አያስከለክልም፤ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ያለበት ትውከት ግን ያስከለክላል። ኦክስጅን የሚሰጠው መጠኑ ከ90 ከመቶ በታች ለሆነ ታማሚ ነው። ናይትሮግሊሰሪን የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች ከሆነ ወይም የልብ ቀኝ ክፍል ጉዳት ከተጠረጠረ አይሰጥም። ከዚያ በኋላ ቀጣዩ ሆስፒታል በስልክ እንዲያውቅ ተደርጎ ታማሚው ወዲያው ይላካል።

በሆስፒታል፦ ኢሲጂው የኤስቲ ክፍል ከፍታ ካሳየ የትሮፖኒን ውጤት አይጠበቅም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተወሰደ ትሮፖኒን ጤናማ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል አንድ ነጠላ ውጤት ሕመሙ የለም አያሰኝም፤ ምርመራው ከ3 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ይደገማል። የረጋ ደም ማሟሚያ በተቋሙ ካለ ነርሷ የክልከላ ዝርዝሩን ከታማሚውና ከአስታማሚው ትጠይቃለች፦ በማንኛውም ጊዜ በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ያውቃል? ባለፉት 6 ወራት በደም መርጋት ምክንያት ስትሮክ ደርሷል? በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ወይም በራስ ላይ የደረሰ አደጋ አለ? እነዚህ መልሶች በቅብብሎሽ ወረቀት ላይ ቀድመው ተሞልተው ቢመጡ በሆስፒታሉ ብዙ ደቂቃዎች ይተርፋሉ።

6. የታማሚ ትምህርት

6.1 ምልክትን ማወቅ ለምን አልበቃም?

በትምህርት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የሚያስተምሩት ነገር ትሕትና ነው። በአሜሪካ በ20 ከተሞች ለ18 ወራት የተካሄደው ሪአክት የተባለ ሰፊ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደታተመው፣ አምቡላንስ የመጥራትን ልማድ ቢጨምርም ታማሚዎች ከመምጣታቸው በፊት የሚዘገዩበትን ጊዜ ከንጽጽር ከተሞቹ በተለየ አላሳጠረም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመና በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 3,522 ሰዎችን ያሳተፈ ሙከራም ነርሶች ለእያንዳንዱ ታማሚ ለብቻው ትምህርት ሰጥተው መዘግየቱን ሊቀንሱ አልቻሉም። አምቡላንስ በደቂቃዎች ውስጥ በሚደርስባቸው አገሮች ውጤቱ ይህ ከሆነ፣ በደጋ ዳሞት ወይም በወምበርማ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የምልክት ዝርዝር ብቻውን የተሻለ ውጤት እንዲያመጣ መጠበቅ አይቻልም።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በገጠር ቤት የታመመው ሰው ብቻውን አይወስንም። ሌሊት ከሆነ ሲነጋ ይባላል፤ ገንዘብ ከሌለ ከጎረቤት ይጠየቃል፤ ሚስት ታማሚ ብትሆን ባል ከእርሻ እስኪመለስ ይጠበቃል፤ አንዱ ጠበል፣ ሌላው ዳማ ከሴ ይላል። ሕመሙን ማወቅና መነሣት በተለያዩ ሰዎች እጅ ናቸው።

6.2 ከወሊድ ዝግጅት የሚወሰድ ትምህርት

ይህ ችግር ለአገራችን የጤና አገልግሎት አዲስ አይደለም። የእናቶችን ሞት ለመቀነስ በተደረገው ጥረት የሦስቱ መዘግየቶች ማዕቀፍ፣ ማለትም ለመወሰን፣ ለመድረስና ሕክምና ለማግኘት መዘግየት፣ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ወደየቤቱ ከወሰዳቸው ትምህርቶች አንዱ የወሊድ ዝግጅት ዕቅድ ነው፦ የት ትወልዳለች? በምን ትሄዳለች? ማን ይሸኛታል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ደም የሚሰጣት ማን ነው? የምዕራብ ጎጃም ቤተሰብ ይህን ዓይነት ምክክር ያውቀዋል። ምጥ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ አስቀድሞ ይመክራል።

በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ለመድኃኒት የሚመጣ የደም ግፊትና የስኳር ታማሚም ሕመሙ ሊደርስበት እንደሚችል አስቀድሞ የሚታወቅ ሰው ነው። ስለዚህ በክትትል ዕለት፣ አስታማሚው ባለበት፣ ነርሷ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ከቤተሰቡ ጋር መልሳ በታማሚው ካርድ ጀርባ ልትጽፍ ትችላለች፦

1. ምን ሲሆን እንነሣለን? በእረፍት ላይ ሆኖ 15 ደቂቃ ያልለቀቀ የደረት ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም፤ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ከታከለበት ግን ደቂቃ ሳይቆጠር።
2. ማን ይወስናል? የቤቱ ባለቤት ከሌለ ማንም ሳይጠበቅ «ይሂዱ» የሚል ሰው በስም ይታወቃል።
3. እንዴት ይወጣል? ታማሚው አይራመድም፤ በበቅሎም አይሄድም። እያንዳንዱ ዳገት የተጎዳውን ልብ ተጨማሪ ሥራ ያሠራዋል። በቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረቤቶችና የአምቡላንሱ ወይም የባጃጁ ስልክ ይጻፋሉ።
4. ወዴት ነው? በቅርቡ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፤ በመንገድ ላይ መርፌ ለመወጋት አይቆምም።
5. ምን ይያዛል? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች፣ ሐኪም አስቀድሞ የፈቀደለት ታማሚም አስፕሪኑ።

የትምህርቱ መረዳት የሚፈተነው «ገባዎት?» በሚል ጥያቄ አይደለም። ለዚህ ጥያቄ በአክብሮት የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ «አዎ፣ ገብቶኛል» ነው። «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ ምን ብለው ይነግሩታል?» ብሎ ታማሚው በራሱ ቃል እንዲደግመው ማድረግ ክፍተቱን ያሳያል፤ ነርሷም የጎደለውን ታሟላለች። ዕድርና ሰንበቴም የቃሬዛውን ተሸካሚ ለማደራጀት የሚያስችሉ ነባር መድረኮች ናቸው። ቀብር ለማስፈጸም በሌሊት የሚነሣ ዕድር ታማሚን ለማድረስ ሊነሣ የማይችልበት ምክንያት የለም።

6.3 ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ

ከጉዳቱ ለተረፈ ሰው የሚሰጠው ትምህርት ከአኗኗሩ ጋር ካልተስማማ መድኃኒቱ በሳምንታት ውስጥ ይቋረጣል። አንዱ ዋና ጉዳይ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ የማይበሉ ታማሚዎች የጠዋቱን ክኒን ይዘሉታል። «ጾሙን ይተዉ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሰሚ አያገኝም፤ «በጾም ጊዜ መድኃኒትዎን መቼ ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ፣ በቀን አንዴ የሚወሰዱትን ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ወደ ማታ ማዛወር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከነፍስ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ መምከር ያዋጣል። ጠበልን በተመለከተም መልካም አርአያ አለን፦ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው ብዙዎች መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ መንገድ የሚከፍት ነበር። የልብ ታማሚም መድኃኒቱን ይዞ ወደ ጠበል እንዲሄድ መምከር ይቻላል።

ሌላው ሥራ ነው። ለገበሬ «እረፍት ያድርጉ» ማለት በእርሻ ወቅት የማይፈጸም ትእዛዝ ነው። በሜዳ ላይ ከሚደረግ አጭር እርምጃ ጀምሮ በየሳምንቱ የሚጨምር፣ ሞፈር መያዝን፣ ማጨድንና መሸከምን ሐኪም ካየ በኋላ ብቻ የሚፈቅድ ዝርዝር መስጠት፣ በዚያ ወቅት በማን ደቦ እንደሚታረስም አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጨውንና አረቄን መቀነስ፣ ትምባሆን መተው፣ ለሴቶች ደግሞ የማጀት ጭስ መውጫ ማበጀት ከእነዚህ ጋር ይታከላሉ።

7. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

በምዕራብ ጎጃም የልብ ደም ሥር መዘጋት የደረሰበት ሰው ዕድል የሚወሰነው ከካቴተሩ ይልቅ ቀድመው በሚመጡ ነገሮች ነው፦ ቤተሰቡ በተነሣበት ሰዓት፣ ነርሷ በሰማችው ቃል፣ በጤና ጣቢያ በታኘከችው ክኒንና በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት። እነዚህ ሁሉ አሁን ባለው የሰው ኃይልና ገንዘብ ሊሻሻሉ የሚችሉ ናቸው። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ የዞኑ ጤና ጣቢያዎች የደረት ሕመም ምዘና ቅጽ በአካባቢው አገላለጽ ተዘጋጅቶ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ የሕክምና መመሪያ ጋር አብሮ ቢሠራበት፤ ሁለተኛ፣ በቅብብሎሽ ወረቀት ላይ «ሌሊት/ቀን» የሚለይበት የሰዓት ሥፍራና የክልከላ ዝርዝር ቢታከል፤ ሦስተኛ፣ አስፕሪን በየጤና ጣቢያው የድንገተኛ ክፍል መደርደሪያ ላይ ዘወትር መኖሩ በየሳምንቱ ቢረጋገጥ፤ አራተኛ፣ በደም ግፊትና በስኳር ክትትል ክፍሎች የቤተሰብ ዕቅዱ ቢጀመር፤ አምስተኛ፣ የነርስ ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎቻቸውን ለተግባር ልምምድ ሲያሰማሩ ከሕመሙ መነሻ እስከ «እንሂድ» ያለውን ጊዜ ለይተው እንዲመዘግቡ ቢያደርጉ።

የመጨረሻው ሐሳብ ለተመራማሪዎችም ጥሪ ነው። የታማሚውን መዘግየት በሦስት ከፍሎ፣ ለውሳኔ፣ ለጉዞና በተቋም ውስጥ የጠፋውን ጊዜ ለየብቻ የሚለካ ጥናት ዕቅዱ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ቢካሄድ፣ ከወሊድ ዝግጅት የተወሰደው ይህ አሠራር ለልብ ታማሚም ይሠራ እንደሆነ በማስረጃ ሊታወቅ ይችላል።